ለማሽኑ የተሰጠው ሰዓት

አባትየው የማረኩትን ፈረስ በመሀረብ እየወለወሉ ልጃቸውን በጎን አዩዋት። ከሕመማቸው ወዲህ በቼዝ ኮምፒውተሩን ደጋግመው አሸንፈዋል። ሐኪሙም "አእምሮዎ ተመልሷል" ብሏቸው ነበር። ድሉ ግን አልዋጥላቸው አለ።

"ይሄ ማሽንሽ ፈረሱን እንዲህ በነጻ ይሰጣል እንዴ?"

"አባዬ ደግሞ! ሰዓት ሲያልቅበት እኮ አስቦ ባይጨርስም፣ እስከዚያ ካገኘው የተሻለውን ይጫወታል።"

"ስንት ደቂቃ ነው የምትሰጪው?"

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። "ሰኮንድ እንኳ አይሞላም። ደስ እንዲልህ ብዬ ነው።"

"በይ አሁን ከእኔ እኩል ስጪው።"

ሰጠችው። ማሽኑ ብዙ አሰበና ንግሥታቸውን በላ። አባትየው ሰሌዳውን ትክ ብለው አዩና ፈገግ አሉ።

"አሁን ገና ከሰው ቆጠረኝ" ብለው የተወለወለውን ፈረስ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጡት።