የቲማቲም ጣሳዎቹ

ማኑሄ ሊያነሳው ጎንበስ ያለበት ቧንቧ በሁለቱም ጫፉ ሲሚንቶ የተሞላ ትንሽ የቲማቲም ጣሳ ተተክሎበት ነበር። ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ ጀሞ ወዳለው የቆርቆሮ ጂም ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። ሐኪሙ ከቀላል እንዲጀምር ፈቅዶለታል።

«ለልጅ ልጅህ ያሠራኸው ነው እንዴ ጋሼ?» ብሎ አንዱ ጎረምሳ ሳቀ።

ማኑሄ አፈረ። «የድሮው ብረቴስ?» ሲል የጂሙን ባለቤት ከበበውን ጠየቀው።

«ሲሚንቶውን ሰባብሬ ጣልኩት። አንዱ ጫፉ ይከብድ ነበር፤ ወገብህን የጎዳው እሱ ነው። በል አሁን ጉልበትህን እጠፍ፣ ወገብህን አቅና።»

ማኑሄ ፈራ ተባ እያለ አነሳው። የፈራው ሕመም አልመጣም። ቧንቧውም ወደየትም አላዘነበለም።

«እንዴት እኩል አደረግካቸው?»

«ሥጋ ቤት ወስጄ መዘንኳቸው። ጾም ስለሆነ ሚዛኑ ሥራ ፈቷል። እኩል እስኪሆኑ ሲሚንቶውን ስሞርድ ዋልኩ።»

ማኑሄ ቧንቧውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። የከበበው ጣቶች መላላጣቸውን ያኔ አየ።  በምስጋና ፈንታም እንደታዘዘው ጉልበቱን አጥፎ፣ ወገቡን አቅንቶ፣ ጣሳዎቹን እንደገና አነሳ።