በማንኪያ የደቀቀችው ነጭ ክኒን

አናጢው ሁለተኛ ሚስቱን ካገባ ገና ሦስት ወሩ ነበር። ደግ ሴት ናት ይሏታል፤ እንግዲህ የሰውን ሆድ ማን ገልጦ አይቶ! የመጀመሪያ ባሏ ደህና ነው ሲባል ነበር በሳምንት ውስጥ ያለፈው።

አንድ ጠዋት አናጢው ሳንቃ ሊያወርድ ደጅ ወጥቶ ሜትሩን ፍለጋ ተመለሰ። ሚስቱ ማድቤት ቆማ ነጭ ክኒን በሁለት ማንኪያ መሃል ታደቃለች። ዱቄቱን አንዱ የሻይ ኩባያ ውስጥ ጨምራ አማሰለች። ኮቴውን ስትሰማ ማንኪያዎቹን ከጀርባዋ ሸሸገች።

“ምነው ተመለስክ?”

“ሜትሬን... ሜትሬን ረስቼ።”

“ወገብህ ላይ ያለው ምንድን ነው ታዲያ?” ብላ ሳቀች።

እሱ ግን፣ ልጆቼ፣ ዓይኑን ከኩባያዎቹ አልነቀለም። ሁለቱን ኩባያ አምጥታ አንዱን ፊቱ፣ አንዱን ፊቷ አስቀመጠች። ዳቦ ልታመጣ ዞር ስትል ቀያየራቸው።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እሷ ታደቃለች፣ እሱ ይቀያይራል።

“ልትጠጣው ነው ወይስ ልትጸልይበት? ቀዘቀዘ እኮ!” ትለዋለች።

ለእህቱ ቢነግራት ጮኸችበት። “ውጣ ከዚያ ቤት! የመጀመሪያ ባሏንም እንዲህ ነው የጨረሰችው።” ቤቱ የራሱ፤ ወዴት ይውጣ?

በሦስተኛው ሳምንት ብድግ ሲል ያዞረው ጀመር። ጡቱ፣ የወንድ ጡት እኮ ነው የምላችሁ፣ እንደ ኮረዳ አጎጠጎጠና ሲነካው ያመዋል። “ሳላውቅ የጠጣሁት ነው” አለ፣ ላብ እያጠመቀው። የእሷም እግር አበጠ፤ ፊቷ ተነፋ። ለእኔ የደገሰችውን ራሷ ቀመሰችው፣ አለ በሆዱ። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ይባል የለ? ፈራ እንጂ አላዘነላትም።

በስድስተኛው ሳምንት ትንፋሽ አጥሯት ወደቀች። ሐኪም ቤት አደረሳት። ከትራሷ ሥር ያገኘውን ክኒን በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ነበር፤ ለሐኪሟ ዘረጋላት።

“ይኸውልሽ መርዙ! ለእኔ ያለችውን ጠጥታው ነው!”

ሐኪሟ ክኒኑን አገላብጣ አየችው።

“ኩላሊት ውስጥ፣ በሕዋሶቹ እልፍኝ ዘልቆ የተቀመጠ መልእክት ተቀባይ አለ” አለችው። “ከደም የሚመጣለት መልእክት ‘ጨው ያዝ፣ ውሃ ያዝ’ ነው። ሲበዛበት ኩላሊቱን ያጠፋዋል። ይህ ክኒን ጆሮውን ይደፍንበታል። ጤነኛ ወንድ ቢጠጣው ግን ያዞረዋል፤ ጡቱንም ያሳብጠዋል።”

“እንዴት?” አለ አናጢው።

“የታመመ ኩላሊቷን ሁለት ዓመት ያቆየሁላት በዚህ ነው። መዋጥ አይሆንላትም፤ ባሌ መታመሜን ካወቀ ወደ ወላጆቼ ቤት ይመልሰኛል ብላ ተደብቃ እያደቀቀች፣ በየጠዋቱ በሻይዋ ነበር የምትጠጣው፤ ምነው ተወችው?”