ከጤነኞቹ ተርታ

ወጣቷን የምስል ክፍል ሠራተኛ የአንጎል ምስል ማንሳት ያስተማራት አንጋፋው ባለሙያ ዛሬ ራሱ የኤምአርአይ መሣሪያው ውስጥ ተጋድሞ ነበር። ሐኪሞቹ ለጥናት ድብርት የያዛቸውን ሰዎች አንጎል ከጤነኞች ጋር ሲያነጻጽሩ አንድ ጤነኛ ጎደላቸውና፣ «ከእኔ የባሰ ጤነኛ ከየት ሊመጣ ነው!» ብሎ ሁሉንም በሳቅ አፍርሷቸው ነበር የገባው። እሷ ከመቆጣጠሪያው ክፍል መስታወት ወዲህ ሆና በማይክሮፎኑ፣ «ጋሼ፣ እንዳይነቃነቁ» አለችው። «ለቀባሪው አረዱት!» አላት።

መሣሪያው ሲያንኳኳ ቆይቶ ዝም አለ። ስክሪኑ ላይ የመጣውን ምስል ስታይ ግራ ገባት። ጠርዙ ሁሉ ደብዝዞ፣ መስመር በመስመር ላይ ተደራርቦ ነበር። እንዲህ ያለ ምስል የምታውቀው አርፈው መተኛት ከማይችሉ ሕፃናት ነው። የመጣውን ሕመምተኛ ሁሉ «ድንጋይ ሁን» እያለ የሚያስተኛ ሰው እንዴት ተነቃነቀ? «ጋሼ፣ ተበላሽቷል፤ እንድገመው?» አለችው። ቀና ብላ በመስታወቱ ስታይ፣ ከመሣሪያው ወጣ ብለው የሚታዩት እግሮቹ ይንቀጠቀጡ ነበር።

ማይክሮፎኑን ትታ ገባች። አልጋውን ስባ ስታወጣው፣ እንባው በጆሮ መሸፈኛው ሥር ሾልኮ ትራሱን አርሶታል። ሊቀልድ ፈልጎ ነበር መሰል፣ ከንፈሩ እንቢ አለው። እጇን ካልሲው ላይ ጣል አድርጋ ቆመች። እግሩ ቀስ በቀስ ረጋ።

«የኔ ልጅ» አላት በመጨረሻ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፤ «ሌላ ጤነኛ ይፈልጉ በያቸው። እኔን ከሕመምተኞቹ ተርታ ይጻፉኝ።»