የጭቃው መከላከያ

በረባሶ ሰፊው ጎረቤቴ ጋሽ ደባልቄ ቂምን እንደ ዘር እህል ነው የሚያስቀምጠው። አንድ ጎረምሳ በአሮጌ ሞተር ብስክሌቱ ክረምቱን ሙሉ ጭቃ እየረጨ ጋቢውን አበላሸበት። ይኸው ጎረምሳ በተቀደደው የኋላ ጭቃ መከላከያው ምትክ ሌላ ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ እንዲሠራለት መጣ።

“አሳምሬ ነዋ፣ የኔ ጌታ!” አለው ጋሽ ደባልቄ።

ሠራለትም፤ ግን ጭቃው መሬት መውደቁ ቀርቶ በነጂው ጀርባ ላይ እንዲዘንብ አድርጎ አጎበጠው።

ሲዘንብ ባደረ እሑድ፣ ጋሽ ደባልቄ ለልጅ ልጁ ክርስትና ነጭ በነጭ ለብሶ ሲወጣ ጎረምሳው ሞተሩን ደጃፉ ላይ አቁሞ ይጠብቀዋል።

“ጋሼ፣ ስንቴ አቆሸሽኩዎት! ዛሬ እንኳ ላድርስዎት፤ ከኋላዬ ይቀመጡ።”

“በእግሬ ይሻለኛል!”

“ሊክስህ መጥቶ አታሳፍረው እንጂ!” ብለን እኛ ጎረቤቶቹ በእልልታ ደግፈን ከነጂው ጀርባ ሞተሩ ላይ አወጣነው።