ክር የምትበጥሰው ጥርስ

«ይቺን አንዷን አትቁጠሪያት፣ ልጄ» ይሉኛል አቶ ኤርጫፎ፣ የታች ከንፈራቸውን በጣታቸው ወደ ታች ስበው። ከባዶው ድዳቸው ላይ አንዲት ረጅም ጥርስ ብቻዋን ቆማለች።

እንዴት አልቆጥራትም? ዓይኔ ሥር እኮ ነው ያለችው። በዚህ ክሊኒክ የእኔ ሥራ ሐኪሙ የጻፈውን በሽታ ወደ መለያ ቁጥር መቀየር ነው። ጥርሱ በሙሉ ላለቀበት ሰው አንድ ቁጥር አለ፤ ከፊሉ ለቀረለት ደግሞ ሌላ ቁጥር። አቶ ኤርጫፎ አባል የሆኑበት የሸማኔዎች ማኅበር ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያሠራው ለመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ነው። ለሁለተኛው «በቀረው ይብላ» ባይ ነው።

«ጋሼ፣ ውሸት ልጽፍልዎ ነው?»

«ምን ውሸት አለው? በአንድ ጥርስ ማን በላ?»

«የማኅበሩ ጸሐፊ አፍዎን ቢያይስ?»

«ካሱ?» ሳቃቸው ያመልጣቸዋል። «ካሱ ምን ማየት አስፈለገው? በእሷ ክር ስበጥስ በየቀኑ አጠገቤ ተቀምጧል።»

እንግዲህ ጉድ ፈላ። ጥርሷ የታወቀች ሠራተኛ ናት ማለት ነው።

ዶክተር ፋኑኤል ነገሩን ቀላል አድርጎት ነበር። ዛሬ ከተነቀለች ድዱ በክረምቱ ይድናል፣ አዲሱም ጥርስ ለመስቀል ይደርሳል ብሏል። ጊዜው ሐምሌ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው። አቶ ኤርጫፎም እሺ ባይ ናቸው። እምቢ ያሉት ባለቤታቸው እማማ ሻሺቱ ናቸው፤ አግዳሚው ላይ ጃንጥላቸውን ታቅፈው ከተቀመጡ ቆይተዋል። አማርኛን የተማሩት እዚሁ ሲቀላ ገበያ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት፣ እኔንም ጭምር።

«ይሄ ጥርስ አይነቀልም» ይላሉ።

«ለምን እማማ? ለመስቀል ሥጋ ይበሉበታል እኮ።»

«አንተ ልጅ ነህ፣ አታውቅም። አገራችን ኦቾሎ እያለን፣ እኔን ሊያገባ ጋቢ ሠራ። የመጨረሻውን ክር በዚህ ጥርስ በጠሰና አለበሰኝ። ሰው ሁሉ እያየ። ከዚያ ሳቀ።» ጃንጥላውን ለቀው አፋቸውን በመዳፋቸው ይሸፍናሉ፣ ልጃገረድ እንደሚያፍረው። «ያኔ አፉ የበቆሎ እሸት ነበር። ሌላው ሲያልቅ ዝም አልኩ። ይሄ ከሄደ ያ ልጅ የት አለ?»

አቶ ኤርጫፎ መሬት መሬቱን ያያሉ። እኔም ልቤ ራርቶ ብዕሬ ወደ መጀመሪያው ቁጥር ማዘንበል ጀምሯል። ግን ካሱ አለ። ወረቀቱን ከመለሰው ሽማግሌው ማኅበሩን ሊያታልሉ ሞከሩ ይባላል፣ አዲሱ ጥርስም በዚያው ይቀራል። ብዕሬን ከወረቀቱ ላይ መልሼ አነሳለሁ።

«ሻሺቱ» ይላሉ አቶ ኤርጫፎ ቀስ ብለው፣ «መረቅ ሰለቸኝ።»

እማማ ሻሺቱ ጃንጥላቸውን መልሰው ያቅፋሉ። ሲናገሩ ግን ባላቸውን ሳይሆን እኔን እያዩ ነው።

«ባለፈው መስቀል የመጀመሪያውን ሥጋ ለእሱ ሰጡ። ሽማግሌ ነዋ፣ እሱ ሳይቀምስ ማን ይበላል? ወደ ግድግዳ ዞረ። እያኘከ መሰለ። ሰው ሁሉ መብላት ጀመረ። በነጋታው ጋቢውን ወንዝ ወስጄ ሳጥብ፣ ሥጋው እንዳለ ጫፉ ላይ ተቋጥሯል።»

አቶ ኤርጫፎ ቀና ይላሉ። «አይተሽ ነበር?»

«አጠብኩት። እያለቀስኩ አጠብኩት። እንዳታፍር ብዬ ዝም አልኩ።»

ፊቴን እንዳያዩት ካርድ የምፈልግ መስዬ ወደ መደርደሪያው እዞራለሁ።

«ልጄ» ይሉኛል እማማ ሻሺቱ ከኋላዬ፣ «ዶክተሩን ጥራ። ይንቀል።»

ብዙም አልቆየም፤ በቀላሉ የምትለቅ ጥርስ ነበረች። አቶ ኤርጫፎ ጥጥ ነክሰው ሲወጡ፣ እማማ ሻሺቱ በጨበጡት እጃቸው አንድ ነገር ይዘው ይከተሏቸዋል። አሁን ወረቀቱን ያለ አንዳች ስጋት መሙላት እችላለሁ። ወደ እኔ መስኮት ይመጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ አልፈውኝ ወደ ግቢው ይወርዳሉ።

ዝናቡ አባርቷል፤ ከሩቅ አባያ ሐይቅ ቡናማ ሆኖ ይታያል። እማማ ሻሺቱ ጨብጠው ያወጡትን ባላቸው መዳፍ ላይ አድርገው ጣቶቻቸውን አንድ ባንድ ያጥፉላቸዋል፤ ከዚያም በአገጫቸው ወደ ክሊኒኩ ጣሪያ ያመለክታሉ። አቶ ኤርጫፎ በጥጥ አፋቸው መናገር ስለማይችሉ፣ ሚስታቸው ፊታቸውን ወደ ሰማይ አድርገው በጋሞኛ ይናገሩላቸዋል።

ቋንቋውን አላውቀውም። የሚሉትን ግን አውቀዋለሁ። ነቀምት፣ አባቴ ትከሻው ላይ አውጥቶኝ የመጀመሪያዋን የወተት ጥርሴን ቆርቆሮ ላይ ስወረውር፣ እኔም በኦሮምኛ ይህንኑ ብያለሁ፤ አሞራ ሆይ፣ አሮጌውን ውሰድ፣ ነጩን አምጣልኝ። «ጮክ በይ ለሊሴ፣ አሞራው ሩቅ ነው» ይለኝ ነበር። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። እዚህ መስኮት ሥር ተቀምጬ እንዲህ ይናፍቀኛል ብዬ አላሰብኩም።

አቶ ኤርጫፎ ክንዳቸውን ወደ ኋላ ስበው ይወረውራሉ። ከአናቴ በላይ ቆርቆሮው ኳ ይላል፣ አንድ ነገር ትንሽ ተንከባሎ ይቆማል። ሁለቱ አዛውንቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ አንጋጠው አሞራውን ይጠብቃሉ።