የድል ሳንቲም

«ዓለሙ፣ ስቴኪኒዋን አስቀምጥና ለፓስተሩ ደውል አልኩህ» አለች የሺሃረግ ለሦስተኛ ጊዜ።

ባሏ ቀና አላለም። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ያንን የሮማ ሳንቲሙን ይጎረጉራል። ከሥራ ሌይኦፍ ከተደረገ ጀምሮ አንዲት የነሐስ ሳንቲም በወይራ ዘይት ዘፍዝፎ የሺህ ምናምን ዓመት አፈሯን ሲፍቅ ይኸው አራት ወሩ። እሷ ከነርሲንግ ሆም ደብል ሺፍት ሠርታ መግባቷ ነው፤ እግሯ አብጧል፣ አንጀቷ አሯል።

ባለፈው እሁድ ይኸው ሰውዬ ኤመሪቪል ከተማ ሄዶ የሥራ ኢንተርቪው ስላደረገ ብቻ መድረክ ላይ ወጥቶ «ጌታ ሥራ ሰጠኝ» ብሎ መሰከረ። ከፈረሱ ጋሪውን አስቀደመ። ምእመኑ በእልልታ ቀለጠ። ረቡዕ ዕለት አልተቀበልንህም የሚል ኢሜይል መጣ። ዛሬ ደግሞ ባልና ሚስት ወጥተው እንዲያመሰግኑ ፕሮግራም ተይዞላቸዋል፤ ማይኩን የምትይዘው እሷ ናት። ከአንድ ሰዓት በኋላ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆማ ልትዋሽ ነው? ኧረ ወዲያ!

«በየትኛው አፌ ነው የማመሰግነው?» አለችው።

እሱ ሳንቲሟን ገፋ አደረገላት። ላይዋ ላይ የተቀረጸች ክንፍ ያላት ሴት የቅጠል አክሊል ይዛለች። ድል ናት አላት። ሮማውያኑ የትኛውን ጦርነት አሸንፈው ነው ብላ ጠየቀችው፤ እልህ ይዟት እንጂ ግድ ኖሯት አይደለም። ማሸነፉንስ ያን ጊዜ ብዙም አላሸነፉም፣ ሲሸነፉም ግን ድልን መቅረጽ አልተዉም አላት።

«ሳይቃጠል በቅጠል» አለችና ስልኩን አቀበለችው። የእጁን ዘይት በንጹሕ ሱሪው ጠረገ። ይህም አናደዳት። ስፒከር ላይ አድርጎ ደወለ።

«ፓስተር፣ ዓለሙ ነኝ። ሥራውን አላገኘሁም። ዋሽቻለሁ።»

ቃለጽድቅ እሁድ ፓስተር፣ በአዘቦቱ ቀን የቢሮ ሠራተኛ ነው። የሺሃረግ ተግሣጹን ጠበቀች።

«ወንድም ዓለሙ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔንም ከሥራ ከቀነሱኝ ሁለት ወር ሆነኝ። ጠዋት ጠዋት ክራቫቴን አስሬ እወጣና መኪናዬ ውስጥ እውላለሁ።»

ከወዲያ በኩል የፓስተሩ ሚስት ድምፅ «ማን ነው?» ሲል ተሰማ። ወዲያው በር ሲዘጋ ተሰማ።

የሺሃረግ ጎንበስ ብላ ስፒከሩን አጠፋችና ስልኩን ዓለሙ ጆሮ ላይ አስደገፈችው።