የዲናሞ ሽቦ

«ሰው ቢመጣ ምን እናደርጋለን?» ይላል ደሳለኝ ልጆቹን።

«አንሮጥም» ትላለች ህሊና።

«አንተስ ዮስዬ?»

የዮሴፍ ልብ ሌላ ጋ ነው። ማዶ ድንጋይ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ እንሽላሊት አግኝቷል። አምስት ዓመቱ ነው፤ ከጓሮ እስከ በር እንኳ በእርጋታ ተራምዶ አያውቅም፣ ሁሌ ሩጫ ነው። ደሳለኝ አገጩን ይዞ ወደ ራሱ ያዞረዋል። «የሮጠ ሰው ይተኮስበታል። ገባህ?» ልጁ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ ዓይኑ ግን ወዲያው ወደ እንሽላሊቱ ይመለሳል።

የተቀመጡት የመርሳን ወንዝ ወደ መስኖ ቦይ በሚመልሰው የሲሚንቶ ግድግዳ ላይ ነው። ትንሽ ከፍ ብሎ የአስፋልቱ ድልድይ ይታያል። ኅዳር ነው፤ ውሃው ጠርቷል፣ ከተማዋ ግን በታጣቂዎች ከተያዘች ወራት አልፈዋል። መብራት የለም፣ ወፍጮ የለም። የደሳለኝ ሚስት ማህሌት አራስ ናት፤ ስንት ነገር ሊቀርብላት ሲገባ ንፍሮ እየቆረጠመች ጡቷ ሊነጥፍ ደርሷል። ማታ ማታ ሕፃኑ ሲያለቅስ ደሳለኝ የሚገባበት ይጠፋዋል።

የባጃጅ መካኒክ ነው። አሳ አጥምዶ ይቅርና ከሰሃን ላይ እንኳ በልቶ አያውቅም። የመከረው ጎረቤቱ አብዱልሐሊም ነው፤ በሰላሙ ጊዜ ከሐይቅ አሳ እያመጣ ይሸጥ ነበር። «አብሽር፣ ቀላል ነው። ከግድግዳው ሥር ጣለውና እስኪጎትትህ ጠብቅ። ልጆቹን ይዘህ ውረድ እንጂ ብቻህን እንዳትሄድ፤ ልጅ የያዘ አባወራ አይጠረጠርም» ብሎታል። ደሳለኝ ልጆቹን ጋሻ አድርጎ መምጣቱ ከቤት ከወጣ ጀምሮ ሲከነክነው ነው የዋለው።

መንጠቆውን ከብስክሌት ጎማ ሽቦ ሞርዶ ሠራው። ጠንካራ ክር ቢያጣ ከተቃጠለ ዲናሞ ቀይ የመዳብ ሽቦ ፈታ፤ ቀጭን ነው፣ አይበጠስም፣ ጥሩ መላ መስሎታል። እንዳያመልጠው ደግሞ ጫፉን የእጁ አንጓ ላይ ጠምጥሞ ቋጥሮታል።

«አባባ» ትላለች ህሊና በሹክሹክታ። «መጡ።»

ሁለት ናቸው፤ ጀሪካን ይዘው ከድልድዩ ሥር ወርደዋል። ደሳለኝ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ይሰጣል። አንደኛው፣ ጢም ያላወጣው፣ ጀሪካኑን ሊነክር ጎንበስ ካለ በኋላ ቀና ይላል።

«አንተ! እጅህ ላይ ያለው ምንድነው?»

ደሳለኝ ለማሳየት እጁን ያነሳል። ሽቦው ከውሃው ወጥቶ ይወጠራል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ከአንጓው ጀምሮ ወደ ድልድዩ ምሰሶ አቅጣጫ ቦግ ይላል። ያን ጊዜ እነሱ የሚያዩት ነገር ለእሱም ይታየዋል፦ ሰው፣ የመዳብ ሽቦ፣ ድልድይ፤ የተጠመደ ፈንጂ።

ክላሹ ይቀባበላል።

«ልቀቀው! ሽቦውን ልቀቅ!»

«ታስሯል ወንድሜ! አሳ ነው፣ አሳ ልንይዝ...»

«እጅህን እንዳታንቀሳቅስ!»

በዚህ ቅጽበት ነው ሽቦው የሚጎተተው። አብዱልሐሊም እንዳለው ነው፣ አንዴ፣ ከዚያ ጠንከር አድርጎ። የደሳለኝ ክንድ ሳይፈልግ ወደ ውሃው ይሄዳል፣ ይመለሳል።

«አትንቀሳቀስ አልኩህ!»

«እኔ አይደለሁም! በማርያም፣ እኔ አይደለሁም!»

ዮሴፍ ብድግ ይላል። ጉልበቱ ለሩጫ ታጥፏል፤ ደሳለኝ ያቺን አቋም ያውቃታል፣ ቀጥሎ የሚመጣውንም ያውቃል። አፈሙዙ ወደ ልጁ ዞር ሲል ያያል።

«ዮስዬ» ይላል፤ ድምፁን የሚያጸናለት አምላክ ነው። «ምን ተባባልን?»

ልጁ ያየዋል። ቀስ ብሎ ቁጭ ይላል፤ ህሊና ቀሚሷን ታስጨብጠዋለች።

ከኋላ ያለው፣ በዕድሜ ጠና ያለው ታጣቂ፣ ጓደኛውን ትከሻውን ይዞ ድንጋይ ጀርባ ያስገባዋል። «ሳበው» ይላል ለደሳለኝ። «በዝግታ።»

ደሳለኝ ይስባል። ሽቦው አንጓውን ይቆርጠዋል። ውሃው ይንቦጫረቃል፣ ከዚያ ጢማም አምባዛ፣ ክንድ የማያክል፣ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ይፈራገጣል።

ጢም ያላወጣው ከድንጋዩ ጀርባ ወጥቶ መሬት ላይ ዘጭ ይልና ይስቃል፣ ማቆም እስኪያቅተው። እሱም ፈርቶ ነበር። ትልቁ አይስቅም፤ በሳንጃው ሽቦውን ቆርጦ ይጠቀልልና ኪሱ ይከታል። «ልጆችህን ይዘህ ሂድ። ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ።»

ህሊና አሳዋን በሻርፗ ትጠቀልላለች። ዮሴፍ ሲነሳ ሱሪው ረጥቧል። ደሳለኝ እንዳላየ ሆኖ እጁን ይይዘዋል፤ ዳገቱን በዝግታ ይወጣሉ፣ የማሽላውን ማሳ ያልፋሉ። ወንዙ አይታይም፣ ድልድዩም አይታይም። የቤታቸው ቆርቆሮ በር ወለል ብሎ ይታያል፤ የሕፃኑ ልቅሶ እስከዚህ ይሰማል።

«በቃ» ይላል ደሳለኝ እጁን እየለቀቀ። «አሁን መሮጥ ትችላለህ። ሩጥና ለእማዬ አሳ ይዘናል በላት።»

ዮሴፍ ወደ ኋላ ያያል። ወደ በሩ ያያል። ከዚያ የአባቱን እጅ፣ ሽቦው ያደማው አንጓ ላይ፣ ፈልጎ ይይዝና አንድ እግሩን ከሌላው እያስቀደመ በዝግታ መራመዱን ይቀጥላል።